የላላና የተሰበረ ስፖኪዮ፦ ጋራዥ ሳይሄዱ ምን ያህል መጠገን ይቻላል?

ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ነው። በቀኝ በኩል መኪኖች የአጥሩን ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ከፊት ለፊት አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ይመጣል። ሁለቱም ሾፌሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ስንዝር በማትሞላ ክፍተት ሊተላለፉ ይሞክራሉ። ፓራፋንጎው በሰላም አለፈ። በሩም ሊያልፍ ነው። ድንገት "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። የትንሿ ቪትዝ ስፖኪዮ ከሚኒባሱ ጎን ጋር ተላትሞ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ መስታወቱም ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አብዛኛው አሽከርካሪ ያውቀዋል። ስፖኪዮው በእጅ ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ስንጥቁ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ "በዚህ ሳምንት አሠራዋለሁ" ይባላል። ሳምንቱ ወር ይሆናል። ሾፌሩም ቀስ በቀስ የተሰነጠቀውን መስታወት ማየት ይተዋል፤ ረድፍ ሲቀይር በግምት መግባት ይለምዳል። አደጋ የሚመጣው እንዲህ ባለው ልማድ ነው። ከኋላ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ በግምት አይታይም።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ሁሉ መዘግየት ብዙ ጊዜ አንድ ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት ለሚበቃው ሥራ መሆኑ ነው። ስፖኪዮ ከመጀመሪያው ሲነካ እንዲታጠፍ፣ ሲሰበር እንዲላቀቅና እንዲተካ ተደርጎ የሚሠራ ዕቃ ነው። የትኛው ክፍሉ እንደተበላሸ ለይቶ ያወቀ ሰው አብዛኛውን ጥገና በግቢው ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ለባለሙያ መተው ያለበትም አለ፤ እሱንም አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብና ድካም ያተርፋል።

ከእጅ መስታወት እስከ ስፖኪዮ

ስፖኪዮ የሚለው ቃል እንደ ካምቢዮ፣ ፍሬቻና ካቻቢቴ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዥ ቋንቋችን የገባ ነው። ምንጩ "ስፔኪዮ" ሲሆን ትርጉሙ መስታወት ማለት ነው።

መኪና ሲፈጠር ግን መስታወት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1909 እንግሊዛዊቷ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ዶሮቲ ሌቪት ለሴት አሽከርካሪዎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ትንሽ የእጅ መስታወት እንዲይዙና በጉዞ ላይ አልፎ አልፎ ከፍ እያደረጉ ከኋላቸው የሚመጣውን እንዲያዩበት መክራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1911፣ አሜሪካዊው ሬይ ሃሩን በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ መስታወት የተገጠመለት መኪና ይዞ ቀረበ። በዚያ ዘመን በውድድር መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን አንድ መካኒክ ይቀመጥና ከኋላ የሚመጣውን ይጠቁም ነበር። ሃሩን ግን ማርሞን ዋስፕ የምትባለውን ቢጫ መኪናውን ብቻውን ይነዳ ስለነበር ተፎካካሪዎቹ "ኋላውን አያይም፣ አደገኛ ነው" ብለው ተቃወሙ። የእሱ መልስ ከፊቱ የተከላት አራት ማዕዘን መስታወት ሆነች። ከ6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በኋላም ውድድሩን በአንደኛነት ጨረሰ።

የታሪኩ ማሳረጊያ ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይቀርባል። ሃሩን ቆየት ብሎ እንደተናገረው፣ ጡብ በተነጠፈበት መሮጫ ላይ መስታወቷ ያለማቋረጥ ትንቀጠቀጥ ስለነበር ብዙም አላየባትም። የሚንቀጠቀጥ ስፖኪዮ ችግር የመጣው ከመስታወቱ ጋር አብሮ ነው ማለት ይቻላል።

አራት ክፍሎች፣ ሦስት ንክኪ

ዛሬ በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ ያለው ስፖኪዮ በአራት ክፍሎች ይከፈላል። አንደኛው መስታወቱ ነው፤ ከጀርባው የተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ አለው፤ በዚያ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ትናንሽ ክሊፖች አሉ። ሁለተኛው ክሊፖቹ የሚነክሱበት መያዣ ነው፤ በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀሱት ላይ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች በውስጡ አሉ። ሦስተኛው ከውጭ የሚታየው የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። አራተኛው በሩ ላይ በብሎን የታሰረው እግር ሲሆን ስፖኪዮው የሚታጠፍበት ስፕሪንግ ያለውም እዚሁ ነው።

ስፖኪዮ ሲንቀጠቀጥ የቱ ክፍል እንደላላ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መኪናውን አቁሞ በሦስት ቦታ በእጅ መንካት ይበቃል። በመጀመሪያ ቅርፊቱን በአንድ እጅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መስታወቱን በጣት ጫፍ ጫን ማድረግ ነው። መስታወቱ ብቻውን ቀጭ ቀጭ ካለ ችግሩ ክሊፑ ወይም ማጣበቂያው ላይ ነው። ቀጥሎ እግሩን ይዞ ቅርፊቱን ማወዛወዝ፤ ከእግሩ በላይ ያለው ብቻ ከተንቀሳቀሰ መታጠፊያው ላልቷል። በመጨረሻም እግሩን ራሱን መነቅነቅ፤ ከበሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍተት ከታየ የላሉት በውስጥ በኩል ያሉት ብሎኖች ናቸው።

ይህ የአንድ ደቂቃ ምርመራ ብዙ ወጪ ያድናል። ሦስት ብሎን ላልቶበት ሙሉ ስፖኪዮ የገዛ፣ መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቆ ቅርፊቱን ጭምር የቀየረ ሰው ጥቂት አይደለም።

መስታወቱን መቀየር

በብዛት የሚሰበረው መስታወቱ ነው፤ ለመቀየርም ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሰፊ ፕላስተርና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወይም የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ነው።

በመጀመሪያ የተሰነጠቀው መስታወት ላይ ፕላስተሩን በመስቀለኛ ደራርቦ መለጠፍ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ስብርባሪውን ከቅርፊቱ ውስጥ አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል፤ ሥር የገባውም ስብርባሪ በኋላ ሞተሩን ያግደዋል። ከዚያ የመስታወቱን የውስጥ ጠርዝ፣ ማለትም ወደ በሩ የቀረበውን፣ በመዳፍ ገፍቶ ወደ ውስጥ ማስገባት። ያኔ የውጭው ጠርዝ ብቅ ይላል፤ በዚያ ክፍተት መፈልቀቂያውን አስገብቶ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ክሊፖቹ "ጠቅ፣ ጠቅ" እያሉ ይለቃሉ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ከክሊፕ በተጨማሪ ከሥር በኩል የሚደረስበት የሽቦ መቆለፊያ ስላለ፣ እምቢ ያለውን በጉልበት ከመሳብ በፊት በባትሪ መብራት አጎንብሶ ማየት ይሻላል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ጠዋት የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ይሰበራል። መኪናውን ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ማቆም ወይም በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ክሊፖቹን ያለሰልሳቸዋል። የፈላ ውኃ ግን ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ እጅም ያቃጥላል።

መስታወቱ ሲወጣ ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሰክተው ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ጉምና እርጥበት እንዲደርቅ መስታወቱን የሚያሞቁት ናቸው። መነቀል ያለባቸው ሽቦውን በመሳብ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለችውን የብረት ምላስ በመያዝ ነው። አዲሱ መስታወት ሲገባ ሽቦዎቹ ይሰካሉ፣ የጀርባው ክሊፖች ከሞተሩ መያዣ ጋር በዓይን ይስተካከላሉ፣ ከዚያም በመስታወቱ መሐል ላይ፣ ክሊፖቹ ባሉበት አቅጣጫ፣ በተዘረጋ መዳፍና በጨርቅ ጫን ይደረጋል። ጠቅ የሚለው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ሥራው አላለቀም። ጠርዝ ላይ የጫነ ሰው አዲሱን መስታወት በገዛ እጁ ይሰነጥቀዋል።

ከኋላ ኃይለኛ መብራት ሲመታው በራሱ የሚጠቁር መስታወት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሁለት መስታወቶች መካከል ኬሚካል ስላለው፣ ሲሰበር የሚፈሰውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ቀለም ላይ ቢያርፍም ቶሎ መጠረግ አለበት።

ጠፍጣፋና ጉብ ያለ

ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ስፖኪዮ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ነው። "ጋሼ፣ የስንት ሞዴል ነው? በሾፌር በኩል ነው በጋቢና?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የግራው ለቀኝ አይሆንም፤ የአንዱ ዓመት ሞዴል ክሊፕም ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ የተሰበረውን መስታወት በፕላስተር እንደተጠቀለለ ይዞ ሄዶ ጀርባ ለጀርባ ማስተያየት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ሻጩ የማይጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ጉብ ያለ? ጉብ ያለ መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሰፊውን በትንሽ ቦታ ለመጨመቅ ግን ሁሉን ነገር ያሳንሰዋል። ትንሽ ሆኖ የታየ መኪና ደግሞ ሩቅ ይመስላል። በአሜሪካ ሕግ የሾፌሩ በኩል መስታወት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ በጋቢና በኩል ያለው ጉብ ያለ ከሆነ "በመስታወቱ የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት በላይ ቅርብ ናቸው" የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው ይገደዳል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ጽሑፍ በየቀኑ ያዩታል። በአውሮፓ ግን በሁለቱም በኩል ጉብ ያለ መስታወት የተለመደ ነው።

በአገራችን ብዙ ሰው ርካሽ መንገድ የሚመርጠው እዚህ ጋ ነው። መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ በወረቀት ቅርጹን አስለክቶ፣ ከተራ የግድግዳ መስታወት አስቆርጦ በሲሊኮን ይለጥፋል። ቅርጹ በትክክል ሊገጥም ይችላል። ነገር ግን የተቆረጠው ጠፍጣፋ ነው፤ የነበረው ጉብ ያለ ከሆነ ሾፌሩ ቀድሞ ያየው የነበረውን ሰፊ ቦታ ያጣል። ጉዳቱ በተለይ የሚከፋው በጋቢና በኩል ነው፤ ከሾፌሩ ዓይን ስለሚርቅ ጠፍጣፋው የሚያሳየው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። የነበረው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በመስታወቱ ፊት ላይ ማጋደም ይበቃል። ማስመሪያው መሐል ላይ ብቻ ነክቶ ጫፎቹ ላይ ክፍተት ከታየ መስታወቱ ጉብ ያለ ነው፤ መተካት ያለበትም በዚያው ዓይነት ነው። ተራ መስታወት ዋናው እስኪገኝ ጥቂት ቀን ለማለፍ ካልሆነ መተኪያ ሊሆን አይገባውም።

የላላውን ማጥበቅ

መስታወቱ ሳይሰበር ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ከጀርባው ፕላስቲክ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ማጣበቂያ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን ለመጠገን መስታወቱን ማውጣት፣ አሮጌውን ማጣበቂያ መፋቅ፣ ሁለቱንም ፊት በአልኮል መጥረግና እንደገና ማጣበቅ ነው።

የማጣበቂያው ምርጫ ከሥራው እኩል ዋጋ አለው። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ድርቅ ብሎ ስለሚቀር በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ደግሞ አሲድ ስለሚያወጣ የመስታወቱን የብር ቅብ እየበላ ጥቁር ነጥብ ያወጣበታል። የሚመረጠው አሲድ የሌለው ሲሊኮን ወይም ለመኪና የተሠራ፣ በሁለት ፊቱ የሚለጥፍ የስፖንጅ ቴፕ ነው። ሲሊኮኑ በጥቂት ነጠብጣብ ይደረጋል፣ መስታወቱ በፕላስተር ተይዞ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አለኝ ብሎ የቸኮለ ሰው መስታወቱን ቀለበት መንገድ ላይ ይጥለዋል።

የተሰበረው ክሊፑ ከሆነ ሌላ ፈተና ይመጣል። ብዙዎች መስታወቱን ከሞተሩ ጋር በሲሊኮን አጣብቀው ይገላገላሉ። ይህ መስታወቱን ያቆመዋል፤ ግን ማስተካከያ ቁልፉ ሲነካ ሞተሩ እየታገለ ጥርሱን ይጨርሳል፤ ሌላ ጊዜ መስታወቱ ሲሰበርም ሞተሩ አብሮ ይነቀላል። መስታወቱን ከጀርባ ፕላስቲኩ ጋር አንድ ላይ መቀየር ሲታይ ውድ ይመስላል፤ ሲቆይ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው።

የላላው እግሩ ከሆነ መድኃኒቱ ከበሩ ውስጥ ነው። በመስኮቱ የፊት ጥግ፣ ከውስጥ በኩል፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ አለች። በጨርቅ በተጠቀለለ መፈልቀቂያ ከላይ በኩል ሳብ ስትደረግ ትወጣለች፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ስላለባት ሽቦውን መንቀል ያስፈልጋል። ከሥሯ ብዙውን ጊዜ ሦስት ብሎኖች ይታያሉ፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚበቃቸው የ10 ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ግን ከብሎኖቹ ሥር ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ መድፈን ይገባል። አንድ ብሎን አምልጦ በሩ ውስጥ ከገባ፣ እሱን ለማውጣት የበሩን ሽፋን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይመጣል፤ ካልወጣ ደግሞ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተንኳኳ ይኖራል።

ማጥበቁ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ስፖኪዮውን ከውጭ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጠብቃል። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ እግሩን ያጣምመዋል፤ ከመጠን በላይ መወጠርም ጥርሱን ይበላል። በእግሩና በበሩ መካከል ያለው ጎማ ተቆርጦ ከሆነ በዚያው መቀየር ይሻላል። የዝናብ ውኃ ወደ በሩ የሚገባው፣ ሲያፏጭ የሚሰማው ነፋስም የሚገባው በእሱ በኩል ነው።

የተሰነጠቀ ቅርፊት፣ ዝም ያለ ሞተር

የቅርፊት ስንጥቅ ሲጠገን መጀመሪያ መነበብ ያለባት ጽሑፍ አለች። በቅርፊቱ የውስጥ ፊት ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በትናንሽ የላቲን ፊደላት ተቀርጾ ይገኛል። ኤቢኤስ የሚል ከሆነ በኢፖክሲ ወይም በፕላስቲክ ማጣበቂያ በደንብ ይያያዛል። ፒፒ የሚል ከሆነ ግን ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እሱ ተራ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ በሙቀት የሚበይድ ሰው ይፈልጋል። ማጣበቂያው ሁለት ጊዜ አልያዝ ብሎት የተቸገረ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለሚጣበቀው ዓይነት ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጎ፣ ኢፖክሲውን ከውስጥ በኩል በቀጭን ጨርቅ ወይም ወንፊት ደግፎ መቀባት ጥንካሬ ይሰጠዋል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ አንዲት ቀዳዳ መብሳት ደግሞ ስንጥቁ እንዳይሄድ ይገታዋል።

መስታወቱ በቁልፍ አልንቀሳቀስ ሲል መጀመሪያ የሚታየው መምረጫው ነው። ቁልፉ ግራ ወይም ቀኝ ካልተመረጠ፣ መሐል ላይ ከቆመ ምንም አይሠራም። እሱ ትክክል ከሆነ ጆሮ መስጠት ነው። ሞተሩ "ዝዝዝ" እያለ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ጥርሱ ተበልቷል ወይም መስታወቱ በትክክል አልተነከሰም። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን ማየት፤ እሱም ደህና ከሆነ በበሩ ማጠፊያ ጎማ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታጠፉ ተበጥሰው ሊሆን ይችላል። ያ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

የመታጠፊያው ስፕሪንግ ሲደክምም እንዲሁ ነው። ስፖኪዮው በፍጥነት መንገድ ላይ ነፋስ እየገፋው የሚታጠፍ ከሆነ ስፕሪንጉ ለቋል። ይህ ስፕሪንግ በኃይል ተጨምቆ የገባ ስለሆነ ያለ ተገቢው መሣሪያ የፈታውን ሰው ፊቱን ሊመታው ይችላል። ለልምድ ሲባል እንኳ መሞከር የለበትም።

አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይዘው መጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጎዳናው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በብዙዎቹ ስፖኪዮ ውስጥ ካሜራ አለ፤ መስታወቱ ላይም ከጎን ተሽከርካሪ ሲመጣ የምትበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ትኖራለች። መስታወቱን ብቻ መቀየር አሁንም ይቻላል፤ ካሜራው ያለበት ቅርፊት ከተነካ ግን ካሜራው እንደገና በኮምፒዩተር መስተካከል አለበት። ይህ ካልሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ርቀት ይሳሳታል።

ሲገዙ መጠየቅ

ስለ ስፖኪዮ ተነግሮ ስለ ስርቆቱ ካልተነሳ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ያዝናል። ባለቤቱ በሁለት ደቂቃ እንዲነቅለው የተሠራው ክሊፕ ሌባንም በሰከንዶች ያስነቅለዋል። ለዚህ ነው ብዙዎች ታርጋቸውን መስታወቱ ላይ የሚያስቀርጹት፣ ሌሎች ደግሞ ቅርፊቱን በብረት የሚያሳስሩት። በብረት የታሰረ ስፖኪዮ ሌባ ቢያዳክምም፣ ሲጋጭ መታጠፍ ካልቻለ ምቱን በቀጥታ ወደ በሩ ቆርቆሮ ስለሚያሳልፍ ማሰሪያው መታጠፊያውን እንዳያግድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በእጅጉ ካስወደደ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉትን መኪኖች ጠግኖ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ግዴታ ሆኗል፤ ያገለገለ መለዋወጫም ተፈላጊ ነው። ያገለገለ ስፖኪዮ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ቢያይ መልካም ነው። አንደኛ፣ መስታወቱ የመጣው መሪው በየት በኩል ካለ መኪና ነው? መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የተነቀለ ስፖኪዮ ለቀኝ ሾፌር ዓይን የተሰላ ስለሆነ እስከሚፈለገው ማዕዘን ላይዞር ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥጉ ላይ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ቁጥር አለ? ካለ ያ የሌላ ሰው ታርጋ ነበር። የተፋቀ ቁጥር ያለበትን መስታወት አለመግዛት የጎረቤትን መኪና መጠበቅ ነው።

ከጥገናው በኋላ

የተጠገነ ስፖኪዮ ካልተስተካከለ ግማሽ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው የገዛ መኪናውን ጎን በሰፊው እንዲያሳየው አድርጎ ያስተካክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ ይህ አቀማመጥ የውስጡ መስታወት የሚያሳየውን ደግሞ እንደሚያሳይና ከጎን ያለውን ቦታ ግን ሳይታይ እንደሚተወው አስረድቷል። የእሱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ ሾፌሩ ጭንቅላቱን ወደ ግራው መስኮት እስኪነካ ያዘነብልና የግራውን መስታወት የመኪናው ጎን ለጥቂት እስኪታይ ድረስ ወደ ውጭ ያዞረዋል። ከዚያ ወደ መኪናው መሐል አዘንብሎ የቀኙን በዚያው መንገድ ያስተካክላል። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የራሱን መኪና አያይም፤ የሚያልፈው መኪና ግን ከውስጡ መስታወት ሲጠፋ በጎኑ መስታወት ይታያል፣ ከእሱ ሲጠፋ ደግሞ በዓይን በቀጥታ ይታያል።

ሕግም የሚያየው ነገር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ሲደረግ መስታወት ከሚፈተሹት አንዱ ነው፤ በብሪታንያ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም በሕግ የሚፈለግ መስታወት የሌለው ወይም ማየት የማያስችል መስታወት ያለው መኪና አያልፍም። በአገር ቤትም መኪናውን ለቦሎ ምርመራ የሚያቀርብ ሰው የተሰነጠቀ መስታወቱን ለዚያ ቀን ብቻ ሊያስተካክል አይገባውም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት በሁለቱም በኩል ዞረው ሦስቱን ንክኪ ይሞክሩ፦ መስታወቱን፣ ቅርፊቱን፣ እግሩን። አንዱ ከተንቀሳቀሰ የመጪውን ቅዳሜ ከሰዓት ለእሱ ይመድቡ። ጓንትና የ10 ቁልፍ ያዘጋጁ፤ መኪናውንም ፀሐይ ላይ ያቁሙ።